ኋላሽን ለእኔ ተይው

እናቴ የምትስለው ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። ቤት አትስልም፤ ገበያ አትስልም፤ ጎረቤት ደጅ ቁጭ ብላ ሰው ስታማ እንኳ ጉሮሮዋ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። የቴኒስ ሜዳው አጥር ውስጥ ገብታ፣ የኳስ ቅርጫቷን እግሯ ሥር አድርጋ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ግን ይነሳባታል። «እህ!» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እህ፣ እህ!»

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለ ሳል የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚስል ሰው ይሞታል። የክለቡ ዘበኛ ሲስል ሲስል ከርሞ፣ አንድ ጠዋት በር ላይ ባዶ ወንበሩን ብቻ አገኘን። ስለዚህ እናቴ እህ ባለች ቁጥር ልትሞትብኝ ነው እል ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ምላሴ ለሌላው ነገር ሁሉ መቀስ ነው፤ ለዚህ ግን ታሰረ።

አባቴ የክለቡ የሕፃናት አሰልጣኝ ነበር። እናቴ ሜዳውን ትጠርጋለች፣ ውሃ ትረጫለች፣ ኳስ ትለቅማለች፣ መዳመጫውን ትጎትታለች። መዳመጫው ሆዱ በሲሚንቶ የተሞላ በርሜል ነው፤ ቀዩን አፈር ደልድሎ የሚያስተኛልን እሱ ነው። ጎረምሳ የሚያቃስትበትን ያንን በርሜል እናቴ እንደ በግ ትነዳዋለች። የምንኖረው ከሜዳው ጀርባ፣ ከዕቃ ቤቱ ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏ የመጣችው ከአባቴ ሥራ ጋር ነው፤ ሥራው ከሄደ እሷም ትሄዳለች። ይህን ድመታችንም ታውቃለች።

አባቴ ስለ ፍጥነት ሲያወራ የሚሰብክ ነው የሚመስለው። «ቴኒስ የረጅም ሩጫ አይደለም» ይላል። «ኳሷ ከዚያ ራኬት ተነስታ አንቺ ጋ እስክትደርስ ያለችው ጥቂት እርምጃ ናት። ጨዋታው ያለው እሷ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዋን እርምጃ የሰረቀ ኳሷን በላ!» ባለንበት ዘለል ዘለል እያልን እንጠብቃለን፤ እሱ ከትከሻው ላይ ኳስ ይለቃል፤ ዳግመኛ ሳትነጥር ሮጠን እንቀልባታለን። ከመስመር መስመር በጎን እንሮጣለን፤ መስመሩ ላይ ስንደርስ በውጭ በኩል ባለው እግራችን መሬቱን ደልቀን እንመለሳለን። መደለቁ ግዴታ ነው። ያልደለቀ እንደገና ይሮጣል።

«መሬቱን ምቺው! ድምፅሽን ልስማ!»

የሌላ ክለብ ልጆች ሲመጡ ይስቁብን ነበር። እነሱ እንደ ድመት ነው የሚሮጡት፤ እኛ እንደ ጎሽ መንጋ። አንዷ፣ «ምን ሆናችሁ ነው? ሲሚንቶ ልታቦኩ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ መቃብርሽን ልንለስን» አልኳትና ቀድሜያት ሄድኩ።

መቅደም ለእኔ ምንም አልነበረም። አባቴ ፌንጣ ነው የሚለኝ፤ ሁሉም ፌንጣ ይለኛል። የክለቡን ወንዶች ሁሉ አቧራዬን አብልቻቸዋለሁ። ምስጢሩ መደለቁ ነው ብዬ አምን ነበር፤ መሬቱን በመታሽው መጠን መሬቱ ይወረውርሻል። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ፣ «ፌንጣ፣ ግራ እግርሽ ዘገየ» ሲለኝ ደግሞ በማጅራቱ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ለልጆቹ ሁሉ አውርቻለሁ፤ «የእኔ አባት የኋላ ዓይን አለው»። ያመኑኝም ነበሩ።

የእናቴ ሳልና የአባቴ ሥራ እንዴት እንደተያያዙ ሳላስተውል አልቀረሁም፤ የተረጎምኩት በራሴ መንገድ ነበር እንጂ። እሷ አንዴ እህ ስትል እሱ ወዲያው «ጀምሩ!» ይላል። ሳሏ ስለሚያስጨንቀው ቶሎ ለመጨረስ ነው አልኩ። ሁለቴ እህ እህ ስትል ግን «ቁሙ!» ብሎ ይጮሃል። ሁላችንም ቀጥ እንላለን። እናቴ ቀስ ብላ ተነስታ መስመሩ ላይ የቀረች ኳስ ትለቅማለች፣ ወይም የተረሳ ራኬት ታነሳለች፣ ተመልሳም ትቀመጣለች። ሕመሟን አክብሮ ነው የሚያስቆመን አልኩ። በልቤ አመሰገንኩት።

አባቴ አንድ ነገር ሊያይ ሲፈልግ ዓይኑን አያዞርም፤ ጭንቅላቱን በሙሉ ነው የሚያዞረው፣ እንደ ዶሮ። ይህም የአሰልጣኝ ኩራት መሰለኝ። ክፍል ውስጥ እሱን እየመሰልኩ ጭንቅላቴን ሳሽከረክር መምህሯ አንገቴን ያመመኝ መስሏት ወደ ቤት ሰደደችኝ። ባልዲ በእግሩ ሲመታ ባልዲው ላይ ይቆጣል። «ይህን እዚህ የጎለተው ማነው?» እናቴ ትሮጥና፣ «እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ትላለች። ባልዲው ግን ዕድሜውን ሙሉ የተቀመጠው እዚያው ቦታው ላይ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ቧንቧው ጋ እግሬን እየታጠብኩ በመስኮቱ በኩል ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንዘልቀው?» አለች እናቴ።

«እስከ ምርጫው። ልጅቷ ትመረጥልኝ እንጂ ከዚያ በኋላ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ።»

«እየጠበበ ነው አይደል?»

«ጠቧል። የቁልፍ ቀዳዳ ሆኗል።»

«ታዲያ አንድ ቀን አንዱ ልጅ ቢሰበርስ?»

«አንቺ እያለሽ ማንም አይሰበርም።»

እኔ ሳሙና ጨብጬ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። የጠበበው የእናቴ ደረት ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳ የሆነችውም የምትተነፍስባት ጉሮሮዋ ናት። እስከ ምርጫው ነው እንግዲህ የምትቆየው አልኩ። እያለቀስኩ እንዳይታወቅብኝ ፊቴንም ታጠብኩ።

አሁን ሳስበው፣ የቁልፍ ቀዳዳ ያለው ራሱ አባቴ ነው። ስለ ሰው ጉሮሮ ሰው እንዲያ አይልም። ዓይኑ ከጎንና ከጎን ጨለማ እየገባበት፣ መሃል ላይ እንደ ሳንቲም ያለች ብርሃን ነበረች የቀረችለት። በእሷ ፊቴን ያያል፤ እግሬን አያይም። እግሬን ካየ ፊቴ የለም።

ምርጫው ማለት የታዳጊዎች ቡድን ምርጫ ነበር። የተመረጠ ልጅ ማደሪያና ትምህርት ቤት ወዳለው ማሠልጠኛ ይገባል። አባቴ በቀን በቀን ያሠራኝ ጀመር። ከሁሉ የሚብሰው ወደ ኋላ ሩጫው ነው። እስከ መረቡ ሮጬ መረቡን እነካለሁ፤ እሱ ኳስ ከአናቴ በላይ አጉኖ ይሰዳል፤ እኔ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ወደ ኋላ መንደርደር አለብኝ። መጀመሪያ ላይ ፈራሁ። ሁለት እርምጃ እሄድና ዞር እላለሁ።

«አትዙሪ!» ይላል። «የዞርሽ ጊዜ ኳሷ ጠፋች። ዓይንሽ ከኳሷ አይነሳ።»

«ብወድቅስ?»

«ኋላሽን ለእኔ ተይው።»

ተውኩለት። አባት ሲልሽ ትተይያለሽ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ፊት ከምሮጠው ወደ ኋላ የምሮጠው በለጠ።

የምርጫው ቀን ጠዋት እናቴ ገና መዳመጫውን እየጎተተች ነበር ሰዎቹ የደረሱት። መራጮቹ ባርኔጣ አድርገው ጥላው ሥር ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ መጣ፤ ቁልፉ ነው የምንለው፣ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለው የቁልፍ መዓት ከእሱ ቀድሞ ስለሚደርስ። የሐኪሟ ልጅም ከእናቷ ጋር መጣች፤ ረጅም እግር፣ ነጭ ካልሲ፣ እኔን የምትፎካከር እሷ ብቻ ናት። አባቴ ልጆቹን እንዲያሟሙቁ አሰለፈ። የአንዱ ልጅ ቦርሳ ሜዳው መሃል ተጥሎ ነበር። እናቴ የበርሜሉን እጀታ እንደያዘች፣

«እህ፣ እህ!»

«ቁሙ!» አለ አባቴ።

ሐኪሟ ቀና አለች። «አንቺ፣ ይህ ሳል ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አቧራው ነው ዶክተር» አለች እናቴ።

ምላሴ ያን ጊዜ ተፈታ። «አቧራ አይደለም! ዝናብ ሲዘንብም ትስላለች! ዓመት ሆናት! ደረቷ ጠቧል!»

ቁልፉ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። «ዓመት? ሕፃናት መሃል? አሰልጣኝ፣ ይህን እያወቅክ ነው?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ጭንቅላቱን ወደ እናቴ አዞረ፣ ወደ ቁልፉ አዞረ። «እሷ… ምንም…» አለና ቆመ። የደነገጠ ሰው እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበር። ለካ እሱም እንደ እኔ ፈርቶ ነው የኖረው ብዬ ሳስብ አንጀቴን በላው።

«መኪናዬ በር ላይ ነው» አለች ሐኪሟ። «አሁን ወስጄ የደረት ፎቶ አስነሳታለሁ። የሚያስፈራ ነገር ካለ ቶሎ ማወቅ ነው።»

«ምርጫው ይለቅና እሄዳለሁ እባክዎ ዶክተር» አለች እናቴ። እንዲህ ስትለማመጥ ሰምቻት አላውቅም። «እግርዎ ሥር እወድቃለሁ፤ ምርጫው ይለቅ ብቻ።»

«እስኪያልቅ ልጆቹ ላይ ልትስዪ?» አለ ቁልፉ። «አይሆንም! አሁን ሂጂ።»

«መዳመጫውን እንኳ ልመልስ…»

«ሌላ ሰው ይመልሰዋል። አሰልጣኝ፣ ሜዳውን አንተ ታየዋለህ።»

«አየዋለሁ» አለ አባቴ።

እናቴ አጠገቤ መጥታ ጎንበስ አለች። እጇ ቀይ አፈር ብቻ ነበር፤ ጉንጬን ስትይዘኝ አፈሩ ተላከከብኝ። «ዛሬ ስትሮጪ ኋላሽን እያየሽ ሩጪ። እሺ?»

ሳቄ መጣ። «ኋላ እያዩ ይሮጣል እንዴ እማዬ?»

«ስሚኝ እንጂ!»

«ሂጂ፣ ዶክተር እየጠበቁሽ ነው!» በሁለት እጄ ገፋኋት። ደስታ ሊገድለኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሰው ሊያድናት ነው። መኪናው በር እስኪወጣ እጄን አወዛወዝኩላት። እሷ በኋላው መስታወት ወደ እኔ አልነበረም የምታየው፤ ወደ ሜዳው ነበር።

ያን ቀን እንደሮጥኩት ሮጬ አላውቅም። ቀጥታውን ሩጫ የሐኪሟን ልጅ ጥላዬን እንኳ ሳላስረግጣት ወሰድኩት። የጎኑን ሩጫ መሬቱን እየደለቅኩ እንደ ከበሮ አስጮህኩት፤ አንዱ መራጭ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ወደ ፊት አሰገገ። አባቴ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት ጆሮው ጋ ሊያስጠጋው ምንም አልቀረው። «ድምፅሽን!» ይላል፤ እኔም እሰጠዋለሁ።

የመጨረሻው ወደ ኋላ ሩጫው ነበር። መዳመጫው የት እንደቀረ ማንም አላሰበም። እናቴ እጀታውን የለቀቀችበት፣ ከኋላው መስመር ወዲያ፣ ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር። ልጆቹ ከመረቡ ማዶ ተሰልፈዋል፤ መራጮቹ አጎንብሰው ይጽፋሉ። አባቴ ጭንቅላቱን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዞረ። ጠበቀ። አሁን ሳስበው፣ የማይመጣ ሳል ነበር የሚጠብቀው።

«ጀምሪ!»

መረቡን ነካሁ። ኳሷ ከአናቴ በላይ ወጣች፤ ሰማዩ ነጭ ነበር፣ እሷ ቢጫ። አልዞርኩም። እየራቀች ሄደች፤ እኔም ከእሷ ጋር ራቅኩ፤ የእማዬ ምክር ትዝ አለኝና ስቄ ተውኩት። ኳሷ ልትወርድ ስትል ዘልዬ ልመታት ቀኝ እግሬን ወደ ኋላ ሰደድኩ።

ድምፁን አልረሳውም። ደረቅ እንጨት ሰው በጉልበቱ ደግፎ ሲሰብር የሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ የሐኪሟ ልጅ ጩኸት መጣ። እኔ አልጮህኩም። እግሬ ወደማያውቀው አቅጣጫ ዞሮ፣ በርሜሉን እንደ ትራስ ተደግፌ ቁጭ ብያለሁ።

አባቴ ሮጦ መጣ። ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ እያዞረ መጣና አጠገቤ ደርሶ አለፈኝ። አለፈኝ! ጥጉ ድረስ ሄዶ አጥሩን እያየ፣ «ፌንጣ! ፌንጣ!» አለ። በጣም ከመናደዱ የተነሳ ሊያየኝ አልፈለገም ብዬ አሰብኩ።

«እዚህ ነኝ አባዬ» አልኩ።

ቁልፉ እያቃጨለ ደረሰ። «ምንድን ነው ይሄ? ምንድን ነው የተፈጠረው?»

አባቴ ተንበርክኮ በእጁ እግሬን እየዳሰሰ ነበር። ጣቱ ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ አመድ ሆነ። ቀና ሳይል፣ «ኋላዋን አላየችም» አለ። «ስንት ጊዜ ነገርኳት። ኋላሽን እዪ፣ ኋላሽን እዪ እያልኩ ስንት ጊዜ!»

እሱ ሲናገር እኔም አመንኩ። የነገረኝ ሰው ነበርና፤ ያን ዕለት ጠዋት ጉንጬን ይዞ የነገረኝ። ማን እንደነገረኝ ከሕመሙ ጋር ተደባለቀብኝ።

የወሰዱኝ እናቴ ወዳለችበት ክሊኒክ ነው። የደረቷን ፎቶ በእጇ እንደያዘች በኮሪደሩ ሮጣ መጣች። ሐኪሟ ከኋላዋ፣ «ሳንባዋ ንጹህ ነው፤ ምንም የለባትም» ትላለች።

«እማዬ፣ ዳንሽ?» አልኳት።

ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። የደስታ ለቅሶ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ለዓመታት እናቴ ሳለች ብዬ ብናገር ውሸት ነው። ጉንፋን ሲይዛት እንኳ ዓይኗ እስኪቀላ ውጣ ታስቀረዋለች። ስለዚህ ነገሩን በልጅ አእምሮዬ አስታረቅኩት፤ እግዜር እግሬን ወስዶ እናቴን መለሰልኝ። ይህን ይዤ ነው ያደግኩት። ሐኪሞች አጥንቴን ዓመት ከዓመት እንደገና ሲሰብሩና ሲጠግኑ ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር፣ ልጆች «ፌንጣ» ማለቱን ትተው «አንካሳ» ሲሉኝ፣ በሆዴ እንዲህ እላለሁ፤ እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ በዚህ እግር እናት ተቤዥቻለሁ። የተመረጠችው የሐኪሟ ልጅ ናት። አልቀናሁም። የእሷ እናት አልታመመችማ።

አባቴ ሥራው ላይ ብዙ አልቆየም። በአንድ የወላጆች ቀን ሰው ሁሉ እያየው ከመረቡ ምሰሶ ጋር ተላተመ፤ ይቅርታም ጠየቀው፣ ምሰሶውን። ክፍሏ ከሥራው ጋር ሄደች። ዓይኑ መታመሙን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በእንባ ብዛት ነው፣ ስለ እኔ አልቅሶ ነው ብዬ ይህንንም ለራሴ ተረጎምኩት። እኔ መቼስ መተርጎም አያቅተኝም።

የገባኝ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እናቴና አባቴ ፊት ፊቴ በእግረኛ መንገድ እየሄዱ፣ እኔ ከኋላ እግሬን እየጎተትኩ። ከአንድ ሱቅ ውስጥ አንዱ ጋሪ እየጎተተ የኋሊት ወጣ። እናቴ እቃ በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ አባቴን ልትይዘው አልቻለችም።

«እህ፣ እህ!»

አባቴ ቀጥ አለ። ልክ እኛ ሜዳ ላይ ቀጥ እንደምንለው።

እኔም ቆምኩ። የዚያ ሜዳ ኳሶች ሁሉ አንድ በአንድ ቅርጫታቸው ውስጥ ሲገቡ ተሰማኝ። ቁሙ። ጀምሩ። ድምፅሽን ልስማ። አንቺ እያለሽ ማንም አይሰበርም። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ቶሎም ፊቷን መለሰች። ቤት ገብተን እራት በላን። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ግን እግሬ ያለ ዋጋ የተሰበረ እግር ሆነ። እናቴ ታማ አታውቅም፤ እኔም ማንንም አልተቤዠሁም።

ባለፈው ሳምንት እናቴ አክስቴን ልትጠይቅ ሄዳ፣ አባቴን ፀጉር አስተካካዩ ጋ የምወስደው እኔ ሆንኩ። አሁን ሳንቲም የምታህለዋም ብርሃን ጠፍታለች። እሱ በትሩን ይዞ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። «እግርሽ እየተጎተተ ነው፤ አንሺው እንጂ» ይለኛል።

«ጡረታ ወጥተሃል አሰልጣኝ» እለዋለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን እየጠረገለት፣ «ልጅህ እግሯን ምን ሆና ነው?» አለ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እያለሁ።

«ወይ እሷ! እሳት ነበረች እኮ» አለ አባቴ። «ኋላዋን ሳታይ ሮጣ ነው። ስንት ጊዜ ነገርኳት።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ከመደጋገሙ የተነሳ እሱም አምኖታል መሰለኝ።

ወጣን። እሱ ቀደም ቀደም አለ፤ ፀጉሩን የተስተካከለ ሰው ይፈጥናል። ከፊቱ የቦዩን ክዳን ለጥገና አንስተውት፣ መንገዱ አፉን ከፍቶ ነበር። ሠራተኞቹ ማዶ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በትሩ በቀኝ በኩል ግድግዳውን ነው የሚነካካው። እኔ አየሁ። ከእሱ እስከ ጉድጓዱ ያለችው ጥቂት እርምጃ ናት፤ ጨዋታው ያለው እሷ ውስጥ ነው።

ዝም አልኩ። አንድ እርምጃ ሄደ። ዝም አልኩ። ሌላ ሄደ። ኋላሽን ለእኔ ተይው ያለኝ ድምፅ፣ ኋላዋን አላየችም ያለው ድምፅ፣ ሁለቱም የዚያ ከፊቴ የሚሄድ አዲስ የተላጨ ማጅራት ናቸው።

«እህ፣ እህ!»

አንድ እግሩን አንስቶ ቆመ። ቀስ ብሎ ጭንቅላቱን በሙሉ አዞረ፣ እንደ ዶሮ፣ እንደ ድሮ።

«እናትሽ መጣች እንዴ?»

«አልመጣችም።»

እግሩን ባለበት አወረደ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ፊትህ የተከፈተ ቦይ አለ» አልኩት። «ወደ ግራ ዙር።»

አልተንቀሳቀሰም። አፉን ከፈተ፣ ያን ቀን ለቁልፉ እንደከፈተው፤ አሁንም የወጣ ነገር የለም። ክንዱን ልይዘው እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።

«መሬቱን ምታው» አልኩት። «ድምፅህን ልስማ።»